ሁለት ካርድ፣ አንድ ቆርቆሮ

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሐይቅ ከተማ፣ ጦርነቱ መስኮቱን ሁሉ አርግፎት በቅርቡ በታደሰ ሆቴል ምግብ ቤት። ባለቤቱ ጀርመን አገር፣ ባቫሪያ በሚባለው ክፍል ሃያ ዓመት ኖሮ የተመለሰ ነው። ያን ቀን የከተማውን ትልልቅ ሰዎች የባቫሪያ ምሳ ጋብዟል። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ በእንግዳ ተቀባይነት ለሙከራ ገብቻለሁ። «ምሳው ካማረ ትቀጠሪያለሽ» ብሎኛል።

ለዚህ ክብር ሲባል ደረት የሚያጣብቅ፣ ከፊት በገመድ የሚታሰር የባቫሪያ ቀሚስ አለበሰኝ። ልብስ ሰፊው ጨርቅ ያለቀበት ይመስላል። ነጠላዬን ደረብኩበት። «አውልቂው» ሲለኝ ያልሰማሁ መሰልኩ።

እኛ ጋ ድግስ ሲኖር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለየራሱ ታርዶለት አንድ ዳስ ውስጥ ጎን ለጎን ይበላል። ሰውዬው ይህን አልረሳም። ጠዋት «የሙስሊም»፣ «የክርስቲያን» የሚሉ ሁለት ካርዶች አጻፈኝ። በጥንቃቄ ጽፌ በሁለቱ ጠረጴዛዎች ላይ አቆምኳቸው።

ሰናፍጭ ላመጣ ወጥ ቤት ስገባ አብሳዩ ከአንድ ትልቅ ቆርቆሮ ቋሊማ እያወጣ በሁለት ትሪ ይደረድራል። ቆርቆሮው ላይ ኮፍያ ያደረገ አሳማ ይስቃል። አሳማ ደግሞ ከሁለቱም ጠረጴዛ አንድም ሰው አይበላም።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አሳማ ነው» አልኩት ባለቤቱን በሹክሹክታ።

«ዝም በይ! አውሮፓ ሁሉ ይበላው የለ? ደግሞስ ካርድ አስቀምጠን የለ!»

ካርዱ አሳማውን የሚባርከው ይመስል። ትሪዎቹን ራሱ ይዞ ወጣ።

ከቋሊማው ጎን የኮመጠጠ ጎመን አለ፤ እናቴ ብትሆን ለላሟ ከመስጠቷ በፊት ታስብበት ነበር። አንድ የቢሮ ኃላፊ ገና ሳይቀምስ «ዓለም አቀፍ ጣዕም!» አለና ጎረሰ።

«ልጄ፣ የማን ዕርድ ነው?» አሉኝ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ ጨርቅ ነጋዴው። ሱቃቸው ከተዘረፈ ወዲህ ማመልከቻቸውን የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ካርዱን አዩት። «ያንቺ ጽሑፍ አይደል? በቃ፣ ምን እጠይቃለሁ!» ቢስሚላህ ብለው ሹካውን አነሱ።

ሰው ፊት ስሜን ስጠየቅ እንኳ ድምፄ ይጠፋል። ያን ጊዜ ግን ጮህኩ፦

«አባባ፣ አይብሉ! አሳማ ነው! የዚያኛውም ጠረጴዛ!»

ኃላፊው ዓለም አቀፉን ጣዕም ከአፉ በሶፍት ተቀበለው። ከክርስቲያኖቹ ጠረጴዛ አንዲት ሴትዮ «ከጦርነት ተርፈን በቋሊማ ልናልቅ!» ስትል ሁለቱም ወገን ሳቀ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው፣ ሹካውን እያስቀመጡ።

ባለቤቱ ግን ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ገጠሬ! ሥራ የሚባል እዚህ የለሽም» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ያጠብኩትን ቀሚስ ተኩሼ ወሰድኩና መቀበያው ላይ አስቀመጥኩ። ካርዶቹ ምግብ ቤቱ ጠረጴዛዎች ላይ እንደቆሙ ነበሩ። ጽሑፉ የእኔ ስለሆነ ሁለቱንም አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ።