ቆቡን የጣለው ፕሮቲን

ባሌን መሪጌታ ኪዳነ ማርያምን ወረታ ላይ የማያውቃቸው የለም፤ ከእሳቸው ጋር መኖር ምን እንደሆነ የማውቀው ግን እኔ ወለተ ሐና ብቻ ነኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው ተራ ንግግር መስማት አቃታቸው። «ዝናቡ በረታ» ብላቸው እንኳ ከሰሙ ሥር ወርቁን ይቆፍራሉ።

ልጃችን እየሩስ ባሕር ዳር ለሁለተኛ ዲግሪ ትማራለች። ልቧ ያለው ግን እዚሁ ነው፤ የሩዝ መፈልፈያ የሚያንቀሳቅሰው ደስታው ዘንድ። ደስታው ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፣ መሪጌታ ሁለት ጊዜ መለሱ።

«ቆቡን ለጣለ ልጄን አልሰጥም!»

ወይ ጉድ! ልጁ ጣራ ገዳም ሁለት ዓመት በአመክሮ ተቀመጠ እንጂ መች መነኮሰና ቆብ ደፋ? ያልደፋውን ቆብ ጣለ ያሰኘው የሰው አፍ ነው። የልጄ ሳቅ ከቤት ጠፋ፤ እኔም አንጀቴ እርር አለ።

ጥናቷን ለመምህራኗ ልታቀርብ ሳምንት ሲቀራት አባቷ «እስቲ በአማርኛ አሰሚኝ» አሏት። እኔ አጠገባቸው ሩዝ እለቅማለሁ።

«አባ፣ ደማችን ውስጥ የሚዞሩ ፕሮቲኖች አሉ፤ ስኳር ተሰክቶባቸዋል። በስኳሩ ጫፍ ላይ ደግሞ ሲያሊክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ እንደ ቆብ ይቁጠሩት። ፕሮቲኑ ሲቆይ ያ ቆብ ይወልቃል...»

መሪጌታ ቀና አሉ። «ቆባቸውን ይጥላሉ?»

«አዎ። ጉበት ግን ቆብ እንደሌላቸው ለይቶ ያውቃል፤ በር ከፍቶ ይቀበላቸዋል። ከዚያ በኋላ...»

«በቃሽ!» ብድግ አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አቤት ቅኔ! ጉበት የተቀበለውን እኔ ልግፋ? ወርቁ ገብቶኛል፣ ልጄ።»

«ኧረ አባ፣ ወርቅ የለውም! ሰም ብቻ ነው!»

«ባለቅኔ ወርቁን አይናገርም። ሽማግሌዎቹ ይምጡ!»

እልል ስል ሩዙ ከነሰፌዱ መሬት ወረደ። ደግሜ ለቀምኩት፤ ምን ገዶኝ!

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪጌታ «ሰጥቻለሁ» ብለው ምርቃት ሲጀመር እየሩስ ጓዳ ጎተተችኝ።

«እማዬ፣ አባ አላስጨረሱኝም እኮ። ጉበት ካስገባቸው በኋላ ይፈጫቸዋል!»

«ዝም በይ!» አልኳት አፏን በመዳፌ ይዤ። «ትዳር ገብቶ ያልተፈጨ ማን አለ? እኔ ይኸው አርባ ዓመቴ!»