የእህቴ ወባ

እህቴ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለች ከዩኒቨርሲቲው ደወሉልን። «መጥታችሁ ውሰዷት» ነው ያሉት፤ እንደ ተረሳ ዕቃ።

ግቢው ቆላ ከተማ ነው። ስደርስ ያገኘኋት የጥበቃዎች ክፍል ውስጥ ፍራሿ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። እንቅልፍ አጥታ ብቻዋን ታወራለች። ፈተና ስለደረሰ ሌሎቹን እንዳትረብሽ ብለው ከዶርም አውጥተዋታል። ክሊኒኩ ምን እንዳደረገላት ብጠይቅ፣ የራስ ምታት ክኒን ሰጥቷታል! በዚያ ሁሉ ሕንፃ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያዋራት አንድ ሰው ይጥፋ? ደሜ ፈላ። በዚያው ሰሞን የዶርም ጓደኛዋ ወባ ይዟት ክሊኒክ ተኝታለች፤ ለእሷ ግን ሾርባ የሚያመላልስላት ሞልቷል።

እናታችን አንዋር መስጊድ አጠገብ ቅመም ትነግዳለች። ቤት ስንደርስ በር ላይ ተቀበለችንና መጀመሪያ ያለችኝ «ወባ ነው ብያለሁ፣ እንዳትሳሳት» ነው። ተናደድኩባት። እሷ ግን ሰፈሯን ታውቃለች። «ትምህርት በዝቶባት ነካ አደረጋት» ከተባለ ማንም ዝር አይልም። ወባ ስለተባለ ጎረቤቱ ሁሉ ብርቱካን አንጠልጥሎ ጎረፈ።

«እትዬ፣ አይዞዎት፤ ቆላ አይደል የላኳት? ወባ እኮ ማንንም ይይዛል» ይሏታል። እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማለች። ሐኪም ጋ የምንወስዳትም ሰው እንዳያየን በጓሮ በኩል ነበር።

ደግነቱ መድኃኒቱ ያዘላት። እንቅልፏ ተመለሰ፤ ሱቅ እየዋለች ኮረሪማ መፈልፈል ጀመረች። አንድ ቀን «ትምህርቴን ልጨርስ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበራትም። የሐኪሙን ማስረጃ ይዘን ሦስታችንም ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄድን።

ኃላፊው ማስረጃውን በቅጡ ሳያነብ ወደ ጎን ገፋው።

«እንደገና ቢነሳባትስ? ዋስ የሚሆናት ማነው?»

እናቴ ሻሿን አስተካከለች። «ልጄ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ለዕቃ ዋስ እሆናለሁ። ለበሽታ ዋስ የሚጠራው የት አገር ነው? አእምሮዋን አሟት ነበር። ታከመች፣ ዳነች። ትማር።»

ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እህቴም ቀና ብላ አየቻት።

«ወባ የያዛትን ጓደኛዋንስ ዋስ ጠይቃችኋል?» አልኩት። እሷማ ያለፋት ፈተና ተሰጥቷት አራተኛ ዓመት ገብታለች።

ሰውዬው ምክር እንደሚለግስ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ፣ እርስዎም ወባ ነው የሚል ማስረጃ ቢያመጡልን ኖሮ ዛሬውኑ እናስገባት ነበር።»

በዚያ ዓመት አልመለሷትም። መርካቶ ስንገባ አንዷ ጎረቤት የእህቴን ሻንጣ አይታ፣ «ምነው? ምን ሆና ተመለሰች?» አለች።

«ወባው አገረሸባት» አለች እናቴ።

በእሷ ግን አልተናደድኩም።