በአመድ የታሹት መስታወቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ የሙከራ መስታወቱን በጋወኑ ጫፍ ሲወለውል አየሁትና ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ቁጣው ግን ሳቅ ሆኖ ወጣ። አክስቴ ከዲጃ ትዝ አሉኝ።

ሁለተኛ ዲግሪዬን የጀመርኩት የለውጡ ሰሞን ነው። ሁሉም ነገር ይቻላል የሚባልበት ጊዜ ነበርና እኔም በፀሐይ ብርሃን ከውሃ ነዳጅ አወጣለሁ ብዬ ተነሳሁ። ሥራዬ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ መስታወት ላይ ስስ የብረት ዝገት መቀባት ነበር። ዝገት ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ግን ሰነፍ ነው። ስለዚህ ከአሥራ ሁለቱ መስታወቶቼ ስድስቱን አዲስ አበባ ወስጄ ፕላዝማ አስመታኋቸው። አየሩ ተመጥጦ በወጣ ዕቃ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ጋዝ ኤሌክትሪክ ሲነካት ወይን ጠጅ መስላ ታበራለች፤ የዝገቱን ገጽ ዓይን በማያየው ልክ የምትሞርደው እሷ ናት። የቀሩትን ስድስት ለማወዳደሪያ ተውኳቸው።

ልለካቸው ስዘጋጅ ጦርነቱ ወሎ ገባ። ትምህርቱ ተቋርጦ ወደምኖርበት ሐይቅ ከተማ ተመለስኩ፤ ከተማው መሸሽ ሲጀምር ደግሞ መስታወቶቹን በነጠላ ጠቅልዬ በእግሬ ወደ አርዲቦ ገጠር፣ ወዳሳደጉኝ አክስቴ ዘንድ ወጣሁ። በየማሳው ማሽላው ደርሶ ወፍ ብቻ ይለቅመዋል።

"አብሽሪ ልጄ፤ ደርሰሽልኛል፣ አልሐምዱሊላህ" አሉና እሸት ጠብሰው አቀረቡልኝ። እኔ ግን የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራችን ተዘረፈ የሚል ወሬ መንገድ ላይ ሰምቼ ነበር። እሸቱም አልጣመኝ፣ ለቀናትም ፊቴ እንደጠቆረ ሰነበትኩ።

አንድ ጠዋት ውሃ ቀድቼ ስመለስ አሥር መስታወቶች አጥሩ ሥር ተደርድረው ያብረቀርቃሉ።

"ዝገቱን አስለቀቅሁልሽ!" አሉ አክስቴ፣ ክንዳቸው ድረስ አመድ ለብሰው። "እንዴት ያለ እልከኛ ነው! በአሸዋም በአመድም አሽቼ ነው።"

መሬት ላይ ዘፍ ብዬ አለቀስኩ። የዓመት ሥራዬ ዝገቱ መሆኑን ስነግራቸው አብረውኝ ተቀመጡ። "ያ አላህ! ምነው እጄን በቆረጠው!"

የተረፉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ የተመታ፣ አንዱ ያልተመታ። ጠዋት ጠዋት እያወጣሁ ስለማያቸው ትራሴ ሥር ነበሩ።

ልጃቸው ሰይድ ጅዳ የአየር ማቀዝቀዣ ሲጠግን ኖሮ የተመለሰ ነው። "ኤሌክትሪክ የሚለካ ቴስተር አለኝ። ሁለት ከቀሩ ሁለቱን እንለካለና" አለ።

"መስታወቱን የምንነክርበት፣ እድፍ የሚያስለቅቅ፣ እጅ የሚያቃጥል ዓይነት ውሃ ያስፈልጋል" አልኩ ተስፋ ቆርጬ።

አክስቴ ቀና አሉ። "የአመድ ውሃስ?"

ተያየን። ይሆናል!

የአመድ ውሃ የሞላ ብርጭቆ፣ የብረት ማንኪያና ሁለት የባትሪ ድንጋይ አዘጋጅተን ግቢው ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ያልተመታውን ስንነክር የቴስተሩ ቁጥር ነቅነቅ ብሎ ቆመ። የተመታውን ስንነክር ዘሎ ወጣ። ሰይድ አላመነም፤ ሽቦውን ነቅሎ ደገመው። ያው ነው። አክስቴ በመዳፋቸው ብርሃኑን ይጋርዳሉ፣ ይለቃሉ።

"ስሸፍነው ይተኛል፣ ስለቀው ይነቃል!"

እኔ በሳቅ ፈረስኩ፤ እሳቸው እልልታውን አቀለጡት። "ኧረ እማ፣ ቀስ!" ይላል ሰይድ ወደ መንገዱ እያየ።

አንድ መስታወት ምንም አያረጋግጥም፤ ይህን አውቅ ነበር። ሰላም ሲሆን በአዳዲስ መስታወቶች ከዜሮ ጀመርኩ። ልዩነቱ የዚያን ቀን ያህል ባይሆንም እውነት ሆኖ ተገኘ፤ እስከ ዛሬም እንጀራዬ ነው።

ተማሪዬን ካሰናበትኩ በኋላ ደወልኩላቸው። "አክስቴ፣ የዚያን ቀን እልል ያሉት ምኑ ገብቶዎት ነው?"

"ስለ መስታወቱ? ምኑም አልገባኝ" አሉኝ። "እዚህ ከመጣሽ ጥርስሽን ያየሁት ያን ቀን ነዋ!"

ሥራዬን ከዚያ ወዲህ ብዙ አዋቂ መዝኖልኛል። በዚያ ክፉ ጊዜ ግን እኔ መስታወት ስለካ፣ እኔን የሚለካ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።