አላውቃትም ያልኩበት ገንቦ

በሠፈራ ከጎንደር ወደ አሶሳ ስንመጣ ቄስ አብሮን አልመጣም። ከመንደሩ ቤተ እስራኤል ሁለት ቤት ብቻ ነበርን፤ የእኛና የአባቴ እህት፣ የሸክላ ሠሪዋ። አባቴ ጨረቃ እየቆጠረ አስተስርዮን፣ ኃጢአት የሚሰረይበትን ጾም፣ ራሱ ያውጃል። ጸሎቱንም በቃሉ የያዘውን ያህል ራሱ ይመራል። አንድ ነገር ግን ከቄስም በላይ አጥብቆ ይጠብቃል፤ ሰው የበደለ፣ የበደለውን ሳይታረቅ ለጸሎት አይቆምም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከጎኑ ሳልቆም ቀርቼ አላውቅም።

ክልሉ ተቋቁሞ ቢሮዎች ሲከፈቱ የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ጸሐፊ ሆንኩ። ግጥም ስለምጽፍ “ባለቅኔው” ይሉኛል፤ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ለአክስቴ የቢሯችን ውኃ በጀሪካን ውስጥ እንደሚሞቅ ነገርኳት። በሳምንቱ ገንቦ አዝላ መጣች። አማርኛ ገና የሚለምደው የበርታ ተወላጅ ጥበቃችን ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ “ይሄ ሴትዮ ዘመድ ነኝ ይላል” አለኝ።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጭቃ የደረቀበትን እጇን አየ።

“ሸክላ ሠሪ! ባለቅኔው፣ ለካ ቡዳ ኖረሃል! እንዳትበላን አደራ!”

ቢሮው በሳቅ ተሞላ።

“አላውቃትም” አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ።

ገንቦውን ጥግ አስቀምጣ ወጣች።

በአስተስርዮ ዋዜማ ወሬው አባቴ ዘንድ ደርሶ ነበር። “ሂድና ታረቃት” አለኝ። “አለዚያ ነገ ከእኔ ጋር አትቆምም።”

ገበያ ወረድኩ። ድስቶቿ መሀል ተቀምጣ አገኘኋትና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አልኩ።

“እትዬ፣ ማሪኝ።”

“አልሰማሁም።”

“በድያለሁ፣ ማሪኝ።”

“የዚያን ቀን ጉሮሮህ ደህና ነበር” አለች፣ በጨርቅ ድስት እየወለወለች። “የካድኸኝ ጮክ ብለህ ነው። እዚሁ ገበያ መሀል ጮክ ብለህ አክስቴ ናት በል፤ ያን ጊዜ እምርሃለሁ።”

ቀና ስል የመዝገብ ቤቱ ሰው ከአጠገባችን ባሚያ ይመርጣል። አይቶኝ ፈገግ አለ። አፌን ከፈትኩ።

“ድስቱ ስንት ነው?”

እንደማንኛውም ገዢ ዋጋውን ነገረችኝ።

“ማረችህ?” አለኝ አባቴ ቤት ስገባ።

“ማረችኝ።”

በማግስቱ እሷም እንደየዓመቱ ነጭ ለብሳ መጣች። አባቴ፣ “ልጁን ስለማርሽው እግዜር ይስጥሽ” አላት። አየችኝ። እንድናገር ጠበቀችኝ መሰለኝ። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ለጸሎት ቆመች። ቀኑን ሙሉ ጾሜን ቆሜ ሰገድኩ። አባቴ ቃል ሲጠፋበት እያስታወስኩት፣ ድምፄ ሲያምር ለራሴም ይሰማኝ ነበር።

ሥራ ስገባ የመዝገብ ቤቱ ሰው ከገንቦው በጣሳ ቀድቶ ዘረጋልኝ።

“ጠጣ እንጂ! እንዴት እንደሚቀዘቅዝ!”

ተቀብዬ ጠጣሁ።