እማዬ በሥዕሉ ወንዝ ፊት

ማክሰኞ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ኦስሎ ዳር፣ ስቶቭነር

ገና አልነጋም። እማዬን ካፖርት ደራርቤላት ከቤት ወጣን። «ኦስሎን ላሳይሽ» ብያታለሁ፤ ውሸቴን ነው። ታናሽ ወንድሜን ሱራፌልን በስደት የድንበር ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወስዶታል። እሷ እኔን ልትጠይቅ እንደመጣች እዚሁ ናት፣ አልሰማችም። አገር ቤት ቢሆን ጎህ ሲቀድ ያረዷት ነበር። እዚህ ግን የማኅበራችን ሽማግሌ ጋሽ ግርማ፣ «ጠዋት ሰው ሁሉ ቫክት ላይ፣ ሥራ ላይ ነው፣ ማን ይመጣል? ከሥራ መልስ ዘጠኝ ሰዓት ይሁን» አሉኝ። መርዶ በሥራ ፈረቃ! ለሁሉም የሚመች ቀን እስኪገኝ ሁለት ሳምንት ፈጀ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዛሬ ፈረቃ የሌላቸው የማኅበሩ ሴቶች ቤቱን ያሰናዳሉ፤ እሷን ይዞ መዞር የኔ ድርሻ ሆነ።

ሁለት ሰዓት፣ ባቡር ውስጥ

በመስኮቱ የሮምሶስ ሰፈር ፎቆች በረዶ ለብሰው ያልፋሉ።

«የሱራፌል ስልክ ዛሬም አይነሳም?»

«ኔትወርክ የለም፣ እማዬ።»

ምላሴን በቆረጠው።

አምስት ሰዓት፣ ሙዚየም

ሙቀት ፍለጋ ገባን። የዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ክፍል ውስጥ ወንዝ ይገጥመናል ብዬ አላሰብኩም፤ ጅል! ሰፊ ወንዝ፣ የምሽት ብርሃን፣ ዝቅ ያለ ዳመና፣ ዳር ላይ ውሃ የሚጠጡ ላሞች፣ መሀል ላይ አንዲት ጀልባ። ጭጋጉ በስሱ ስለተቀባ ማዶው ቅርብ ይመስላል፤ ማንም ሱሪውን ሰብስቦ የሚሻገረው። ወንዝን እንዲህ ሰላማዊ አድርጎ የሚስል፣ ውሃ ልጁን ያልወሰደበት ሰው ነው።

እማዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «እንዴት ያለ ደግ ውሃ ነው! ፎቶ አንሳና ለሱራፌል ላክለት።»

«እንሂድ፣ እማዬ።»

«ላክለት አልኩህ!»

ላክሁ። እንዳልደረሰ የምታሳየዋ አንዲት ምልክት ብቻ ወጣች። እሷ ግን ፊቷ ፈክቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ሥዕሉን አየች። ዘጠኝ ሰዓት እንዳይደርስ ተመኘሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ ስቶቭነር

አራተኛ ፎቅ። ቤቴ በር ላይ የሰው ጫማ ተደርድሯል፤ ከሥራ በቀጥታ የመጡ ሰዎች ቦቲ፣ በረዶው ገና አልቀለጠም። እማዬ ቆመች። ሳይታሰብ በር ላይ የሞላ ጫማ መርዶ መሆኑን እሷ ከማንም በላይ ታውቃለች።

«ሱራፌል ነው?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«መቼ?»

«ሁለት ሳምንት ሆኖታል።»

ትጮሃለች ብዬ ክንዷን ያዝኳት። እሷ ግን ክንዷን ከእጄ አስለቀቀችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ‹እማዬ ብዪ፣ እማዬ ብዪ› እያልክ ስታጎርሰኝ ታውቅ ነበር?»

በሩን ከፍታ ብቻዋን ገባች።