ባለቤት የሌለው ጨዋታ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ አቶ ዘለቀ ባለ ካሴት መቅረጸ ድምፅ፣ ማይክሮፎንና ባትሪዎች አስረከቡኝ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈው ነበር። ጂንካ የነበረን የሬዲዮ ቢሮ አንድ ክፍል ነው፤ በሩ ሲከፈት ጠረጴዛውን ይመታል።

“ስትቀርጽ ሰውየውን ተወውና መርፌዋን እያት” አሉኝ፤ የድምፁን መጠን የምታሳየውን ትንሽ መርፌ በጣታቸው እየነኩ። “ቀዩን መስመር ካለፈች ድምፁ ይበላሻል፤ የለፋህበት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።”

በዚያው ሳምንት ዲመካ ገበያ ወርጄ የከብት ዋጋ ቀረጽኩ። ለዓመታት ሥራዬ ይኸው ነበር፦ የከብት ዋጋ፣ የመንገድ ብልሽት፣ የወረዳ ስብሰባ። ከጀማሪ ሪፖርተርነት ወደ ሪፖርተርነት፣ ከዚያም ወደ ከፍተኛ ሪፖርተርነት አደግኩ።

ባልደረቦቼ የማይደነግጥ ሰው ይሉኛል። እውነት አይደለም። ስፈራ የሥራውን ቅደም ተከተል በልቤ እላለሁ፦ ባትሪ፣ ካሴት፣ ስም፣ ማዕረግ፣ ቦታ። ፍርሃቱ አይሄድም፤ እጄ ግን ሥራውን ይሠራል። ኦሞራቴ ላይ ወንዙ ሞልቶ ጀልባችን ስትዋዥቅ ፈርቻለሁ። በሁለት መንደሮች መካከል ጠብ ተነስቶ በመንገዱ ብቸኛው መኪና የእኛ በሆነበት ቀን ፈርቻለሁ። በቤዝቦል ምክንያት የፈራሁትን ያህል ግን ፈርቼ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስተር ሃሪስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር እንግሊዝኛ በበጎ ፈቃድ ሊያስተምሩ ከአሜሪካ መጡ። ጥቁር ናቸው። የከተማው ልጆች ግራ ገባቸው።

“ፈረንጅ ነው እንዴ?” ይላል አንዱ።

“አማርኛውን ስማና ፍረድ” ይላል ሌላው።

ሚስተር ሃሪስ ከትምህርት በኋላ ተማሪዎቹን በድሮው የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ቤዝቦል ያስተምሯቸው ጀመር። ሜዳው ከተማው መሃል ነው። አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ገበያተኛም ያቋርጠዋል። ጨዋታው ሲያዩት ቀላል ነው፦ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው የተወረወረውን በዱላ ይመታል፣ ከመታ አራቱንም ማዕዘን እየረገጠ ዞሮ ይመለሳል። ዱላውን የሰፈር አናጢ ከወይራ ጠርቦ ሠራላቸው። ማዕዘኖቹ አሸዋ የተሞሉ ማዳበሪያዎች ናቸው። ኳሶቹን ግን ከአገራቸው ነው ያመጧቸው፤ ነጭ ቆዳ፣ ቀይ ስፌት፣ ሲጨብጧቸው ድንጋይ።

አቶ ዘለቀ ጠሩኝ። “አሜሪካኖች ይህን ነገር ለምን እንደሚያመልኩትና ማን እንደጀመረው አንድ ዝግጅት ሥራልኝ። አጭር ይሁን፣ ጣፋጭ ይሁን።”

ሚስተር ሃሪስን በተማሪዎች አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ በእንግሊዝኛ ጠየቅኳቸው። “ማን ጀመረው?”

“የሚያምረውን ልንገርህ ወይስ እውነቱን?” አሉና ሳቁ።

የሚያምረው እንዲህ ነው። በአንዲት ትንሽ መንደር፣ ላሞች በሚግጡበት መስክ ላይ፣ በኋላ ጄኔራል የሆነ አንድ ወጣት ጨዋታውን ከራሱ አፍልቆ ለልጆች አሳየ። ይህን መርምሮ የወሰነ ኮሚሽን ነበር። አሜሪካኖች ጨዋታው ንጹሕ የአገራቸው ፍሬ እንዲሆን ፈልገው ስለነበር ውሳኔውን በደስታ ተቀበሉት።

“እውነቱስ?”

“ሰውየው በተባለው ጊዜ በወታደር ትምህርት ቤት እንጂ በመንደሩ አልነበረም። የእንግሊዝ ልጆች በኳስና በዱላ የሚጫወቱት ጨዋታ ባሕር ተሻግሮ መጣ። ሁሉም አንድ ነገር ጨመረበት። የኒው ዮርክ ክለቦች ደንብ ጻፉለት። የእርስ በርስ ጦርነቱ ወታደሮች በየሰፈራቸው ተጫወቱት፤ ሲበተኑ ይዘውት ወደየአገራቸው ገቡ። ከዚያ ስደተኛው ሁሉ ልጁ ኳስ ሲመታ ካየ፣ አሁን አሜሪካዊ ሆንን ይል ጀመር።”

ከዚያ ስለ አባታቸው ቀጠሉ። “አባቴ ወርዋሪ ነበር። ጎበዝ ወርዋሪ። ከነጮች ጋር ግን አይሰለፍም፤ ጥቁሮች የራሳቸው ሊግ ነበራቸው። ያ አጥር የፈረሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። አባቴ ያኔ ትከሻው አልቆ ነበር።”

“ታዲያ እንዴት ይወዱታል?”

“የከለከሉት ሰዎች ስላልፈጠሩት። ማንም አልፈጠረውም።”

ኳሷን በእጄ ያዝኳት። “ሰው ገድላ ታውቃለች?”

“በትልቁ ሊግ አንድ ሰው ሞቷል። የተወረወረች ኳስ ራሱን መታችው፤ በማግስቱ ሞተ።”

ለዝግጅቱ የቀረኝ ዱላው ኳሷን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነበር። እሱን ፍለጋ ቅዳሜ ወደ ሜዳው ሄድኩ። የምትመታው አስቴር ነበረች፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ የአንድ አሪ ገበሬ ልጅ። ሚስተር ሃሪስ ይወረውራሉ። ከጎኗ ራቅ ብዬ ተንበረከክሁና ማይክሮፎኑን ወደ ዱላው ዘርግቼ ዓይኔን መርፌዋ ላይ ተከልኩ።

መርፌዋ ዘልላ ቀዩ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወደ ታች ወረደችና ቀረች። ሜዳው ላይ የሚተነፍስ ሰው ያለ አይመስልም። ቀና ስል ከማዳበሪያዎቹ ማዶ አንድ ሰው ወድቋል።

ካላ ይባላል፤ ከበና የመጣ ወጣት ነው። ፍየል ገዝቶ ከወንድሙ ከዋሌ ጋር ሜዳውን እያቋረጠ ነበር። ኳሷ ከጆሮው በላይ አግኝታዋለች። ዋሌ ደሙን በመዳፉ ይዞ ወደ እኛ ዞረ። አስቴር ዱላውን እንደያዘች ቆማለች።

“አስቀምጪው” አልኳት።

“ጋሼ፣ ሞተ?”

“አላውቅም። አስቀምጪው።”

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። ይተነፍሳል፤ አይነቃም። ሐኪሙ “ጠብቁ” ከማለት ሌላ ቃል አልነበራቸውም። ከሰዓት በኋላ ከካላ ወገን ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ከግቢው በር ውጭ ዛፍ ሥር በርኮታ በሚሏት ትንሽ የእንጨት መቀመጫቸው ላይ ተቀመጡ፤ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። አይጮኹም፣ አይሳደቡም። በመጣሁ ቁጥር ቁጥራቸው ጨምሮ አገኛለሁ። ሻይ ቤቶቹ በሥራ ሰዓት መዝጊያቸውን አወረዱ። ባትሪ፣ ካሴት፣ ስም፣ ማዕረግ፣ ቦታ አልኩ በልቤ። በዚያን ቀን ብዙም አልረዳኝም።

ዜናው ይውጣ አይውጣ ብለን ከአቶ ዘለቀ ጋር ተከራከርን።

“ዝም ካልን ወሬው ቀድሞን መንደር ይገባል” አልኩ። “ሲገባ ደግሞ ሞተ ሆኖ ነው።”

ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። “ዛሬ በጂንካ የአውሮፕላን ሜዳ በጨዋታ ላይ የነበረች ኳስ አንድ ሰው መትታ ጉዳት አድርሳለች። ተጎጂው በሕይወት አለ።”

አቶ ዘለቀ ሁለተኛዋን በብዕር ነኩ። “ነገ ጠዋትስ?”

ወረቀቱን ሳልነካ ለአንባቢው ሰጠሁ። ዜናው በአማርኛ ተነበበ፤ ባልደረባችን በበና ቋንቋ ደገመው።

እሑድ ጠዋት መዝሙር ከየቸርቹ ይሰማል። ከዛፉ ሥር መልእክተኛ መጣ፤ የሬዲዮውን ሰው ይፈልጉታል አለ። ያስጠሩኝ ሽማግሌ አይኬ ይባላሉ፤ የካላ አጎት ናቸው። አቶ ዘለቀና ሚስተር ሃሪስ አብረውኝ መጡ። አስቴርም ከአባቷ ጋር ደረሰች፤ አባትየው “የተደበቀ ሰው ጥፋተኛ ይባላል” ብለው ይዘዋት ወጥተዋል።

“አንተ ሬዲዮ” አሉ አይኬ። “ድምፅህን አውቃለሁ። የከብት ዋጋ ስትናገር አትዋሽም። ልጅቷ አይታ መታች?”

“አላየሁም፣ አባቴ።”

ዋሌ ብድግ አለ። “አጠገቧ ተንበርክከህ ነበር!”

“ነበርኩ። የማየው መሣሪያዬን ነበር።”

“ታዲያ ዓይን ለምን ተሰጠህ?”

ካሴቱን አሰማ አሉኝ፤ አሰማሁ። የዱላ ድምፅ፣ ዝምታ፣ ጩኸት። ለማንም አልመሰከረም።

አይኬ ሌላ መንገድ ፈለጉ። “ላም አጥር ሰብራ እርሻ ስትገባ የላሟ ባለቤት ይጠራል። ይህ ጨዋታ የማን ነው? ማን ጀመረው?”

አቶ ዘለቀ ቃለ መጠይቁን ሰምተውታል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። “ጄኔራሉን በል! የሞተ ሰው ነው፤ እሱ ይሸከመው።”

እዚህ አገር የሞተ ሰው ዕዳ አብሮት አይቀበርም፤ ወገኑ ይጠየቅበታል። ከጄኔራሉ ወገን ደግሞ እዚያ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሚስተር ሃሪስ፣ የሚባለው ሳይገባቸው ከኋላዬ ቆመው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞራሉ። ነገሩ እውነትም አይደለም። ዛሬ ይኸኛው ምክንያት ብቻውን ይበቃኝ ነበር ማለት ደስ ይለኛል፤ ያኔ እርግጠኛ አልነበርኩም።

“ባለቤት የለውም” አልኩ። “ልጆች ጀመሩት፤ የትኞቹ እንደሆኑ አይታወቅም። ከአገር አገር ሲሄድ ሁሉም ጨመረበት። አንድ ሰው ፈጠረው የሚሉ አሉ፤ ሐሰት ነው።”

አይኬ ረጅም ጊዜ አዩኝ። “ባለቤት ከሌለው፣ ዱላውን የያዘው ነው ባለቤቱ።”

ሰዎቹ ሁሉ ወደ አስቴር ዞሩ። አንዳንዶቹ ተነሱ። እውነቱን ተናግሬ ልጅቷን ያለ ከለላ አስቀረኋት። የአባቷ እጅ ትከሻዋ ላይ ጠበቀ።

“አባባ” አለች አስቴር ለአይኬ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። “እኔ ነኝ የመታሁት። ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ ግን አላዛትም።”

ዋሌ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። “ዱላ የያዘ ሰው የሚመታውን አያውቅም? ይህን ለፈረንጅ ንገሪ! እኔ ዱላ ስሰነዝር የሚያርፍበትን አውቃለሁ።”

በዛፉ ሥር ያሉት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከዱላ ጋር ላደገ ሰው የአስቴር ቃል ውሸት ነው።

አይኬ እጃቸውን አነሱ። “እንግዲያው አንተ ምታ። ልጅቷ ብትመታ አውቃ ልትስት ትችላለች። አንተ አትስትም። ካላ የነበረበት ቦታ ሰው ይቁም። ካገኘኸው፣ እሷም አይታ ነው ያገኘችው።”

ማን ይቁም የሚለውን ማንም አላነሳም። “እኔ እቆማለሁ” አልኩ።

“አብደሃል?” አሉ አቶ ዘለቀ። “ለሚስትህ ምን ልበላት?”

“ሥራ ላይ ነው በሏት።”

ሁላችንም ወደ ሜዳው ሄድን፤ የካላ ደም የደረቀበት ሣር ላይ ቆምኩ። ነገሩን ለሚስተር ሃሪስ በእንግሊዝኛ አስረድቼ ነበር፤ “ቀስ አድርጌ ልወርውር?” ብለው ጠየቁኝ። “እንደ ትናንቱ ይወርውሩ” አልኳቸው። በማግስቱ የሞተው ተጫዋች ከሐሳቤ አልወጣም። ራሴን በእጄ መሸፈን አማረኝ፤ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ዋሌ ዱላውን መዘነ። እኔን እንጂ ኳሷን አያይም። መጀመሪያ ሳተ። ደግሞም ሳተ። አጥር ላይ የተንጠለጠሉ ልጆች ሳቁ፤ አንድ ሰው ገሠጻቸው።

ቀጥሎ ዱላው ጮኸ። ኳሷ ወደ እኔ ስትመጣ አየኋት፤ ከዚያ ማየት አቃተኝ። በትከሻዬ አጠገብ እንደ ተርብ ጮኻ አለፈች። ሰዎቹ “ኧ!” አሉ። አይኬ ከበርኮታቸው ተነሱ። ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም። እኔ ከሸሸሁ ፈተናው ይፈርሳል፤ አስቴርም ትወድቃለች።

“አንድ ጊዜ ደግሞ!” አለ ዋሌ፣ በላብ ተጠምቆ። “አሁን አገኘኋት።”

በሙሉ ኃይሉ መታ። ኳሷ ከዱላው ጫፍ ወደ ጎን ተፈናጥራ ሽማግሌዎቹ ወደ ነበሩበት በረረች። ሁሉም ተበታተኑ፤ በርኮታ ተገለበጠ፣ አንዱ ሽማግሌ በአፍጢማቸው ተደፉ። ኳሷ መሬት ነጥራ በአይኬ እግር አጠገብ ቆመች።

ዋሌ ዱላውን አገላብጦ አየው። “እኔ ወደዚያ አልመታሁም! አጎቴ፣ እኔ ወደዚያ አልመታሁም!”

“አውቃለሁ” አሉ አይኬ። ጎንበስ ብለው ኳሷን አነሱ። “ልጅቷም ያለችው ይህንኑ ነው።”

ካላ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነቃ። መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ፍየሉ ነው። የግራ ጆሮው እስከ ዛሬ በደንብ አይሰማም። የአስቴር አባት በግ ይዘው ሄዱ፤ የተጎዳውና የጎዳው ወገን አብረው በሉ። አስተዳደሩ በሜዳው ላይ በዚያ ኳስ መጫወት ከለከለ። ሚስተር ሃሪስ የትምህርት ዘመኑን ጨርሰው አገራቸው ገቡ። አስቴር ዱላ ዳግም አልያዘችም፤ ሚስተር ሃሪስ በላስቲክ ኳስ እንቀጥል ቢሏትም እጄ እሺ አይለኝም አለች።

ዝግጅቱን ሠርቼ አስረከብኩ። አቶ ዘለቀ ካዳመጡት በኋላ “ጣፋጩን አበላሸኸው” አሉ፤ ጄኔራሉን ማለታቸው ነው። ጄኔራሉ ዝግጅቱ ውስጥ ነበረ፤ ሐሰት መሆኑም አብሮት ነበረ። እንዳለ ተላለፈ።

ለጀማሪ ሪፖርተሮች የምለው ይህ ነው። ማን ጀመረው ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ሰው እየፈለገ ነው። የምታውቁትን ንገሩት፤ የማይታወቀውን አይታወቅም በሉት። መልሳችሁ በሰው ላይ ካረፈ ግን ዕቃችሁን ሰብስባችሁ አትሂዱ። ነገሩ እስኪያልቅ እዚያው ቆዩ።