እማማ ራሞና «ታታ» ሲሉኝ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት... ዊተን ከተማ፣ አፓርታማችን አራተኛው ፎቅ ላይ ነኝ። ፊት ለፊታችን የምትኖረው ሉርደስ «እናቴን አደራ፣ ቶሎ እመለሳለሁ» ብላኝ ሥራ ሄደች። ላፕቶፔን ይዤ እነሱ ሳሎን ቁጭ አልኩ። ከተመረቅኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ የሆነው ኢንተርቪው ሰኞ ነው፤ ልቤ ያለው እዛ ላይ ነው።

እናቷ እማማ ራሞና ከፓራጓይ ከመጡ ገና ወራቸው ነው። የተወለዱት ድሮ የካቶሊክ ሚሲዮኖች የቆረቆሯት አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ሚሲዮኖቹ ራሳቸው ጓራኒ የሚባለውን የአገሬውን ቋንቋ ተምረው ነበር አሉ የሰበኩት። እማማም ከጓራኒ ሌላ አይሆንላቸውም። እኔ ደግሞ ከጓራኒ አንዲት ቃል አላውቅም... በፈገግታ ነው የምንግባባው።

መስኮቱ ጋ ቆመው ነበር። ድንገት መጥተው እጄን ያዙኝ።

«ታታ» አሉኝ።

ሳቄ መጣ። እኛ ታታ የምንለው እግር ለሚተክል ሕፃን ነው። ወክ አምሯቸዋል ብዬ «እሺ እማማ፣ ይቺን ልጨርስና ታታ እንላለን» አልኳቸው፣ በአማርኛ።

«ታታ... ታታ...» ወደ በሩ ይጎትቱኛል። ሁለት እርምጃ ሄደው ክንዴ ላይ ተደገፉ። ጉልበታቸውን አሟቸው ይሆናል ብዬ መልሼ ሶፋው ላይ አስቀመጥኳቸው። ማልቀስ ጀመሩ።

ያኔ ሉርደስ ኮል አደረገችልኝ።

«እንዴት ናት?»

«ደህና ናቸው። ታታ ታታ እያሉ እንውጣ ይሉኛል።»

«ታታ? ታታ ነው ያለችህ?»

«አዎ፣ ምነው?»

«ታታ እሳት ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ይዘሃት ውጣ። አሁኑኑ።»

ዞር ስል... መስኮቱ በጭስ ጠቁሯል። ከሥራችን ያለው ጎረቤት በረንዳው ላይ የለኮሰው የሥጋ መጥበሻ ግሪል የበረንዳውን እንጨት በልቶ፣ ነበልባሉ እነሉርደስ በረንዳ ላይ ደርሷል። እሳቱ ከቤት ውጭ ስለሆነ አላርሙ ትንፍሽ አላለም።

እማማን እንዴት እንዳዘልኳቸው አላውቅም። ደረጃውን ስወርድ የሰዉን በር በእግሬ እየመታሁ «ፋየር» እያልኩ እጮኻለሁ። እሳቸው ጆሮዬ ሥር ይጸልያሉ። ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ ከላይ መስታወት ሲፈነዳ ሰማሁ።

ያስቀመጥኳቸው ሶፋ ያለው እዛ መስታወት ሥር ነው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው ሁሉ ወጣ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ደርሰው አጠፉት። ሉርደስ እየሮጠች መጥታ ፓርኪንጉ ላይ እናቷን አቀፈች። እኔ «ቢያንስ ውሃ ምን እንደሚባል ንገሪኝ» አልኳት።

«እ።»

«ውሃ... በጓራኒ ምን ይባላል?»

«እ አልኩህ እኮ። ውሃ እ ነው።»

ከዛን ቀን ወዲህ ሰው «እ?» ባለኝ ቁጥር ብርጭቆ ፍለጋ እነሳለሁ።